ገበያ የናቀው ሙዝ ለማዕድ ክብር፦ በአየር መጥበሻ የሚዘጋጅ ካራሜል ሙዝ

በገበያ የሙዝ ዋጋ የሚተመነው በዓይን ነው። ልጣጩ አንድ ወጥ ቢጫ የሆነው ፈጥኖ ገዢ ያገኛል። ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣት የጀመረው ግን በማግስቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ካደረ ከዋለ ደግሞ በቅናሽ ለጭማቂ ቤት ይሰጣል፤ ያም ካልሆነ ይጣላል። ልጣጡን ገልጦ ላየ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሙዝ ጣዕሙና ስኳሩ የሚሟላው ገበያው ፊቱን ማዞር በሚጀምርባቸው በእነዚያው ቀናት ነው።

ይህ አለመጣጣም ለአምራቹም፣ ለነጋዴውም፣ ለሸማቹም ኪሳራ ነው። አርሶ አደሩ ወራት ሙሉ ውኃ አጠጥቶና ተንከባክቦ ያደረሰው ምርት በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ዋጋ ያጣል። ሸማቹም ጣፋጩን ትቶ ገና ያልጣፈጠውን በውድ ይገዛል። ኪሳራውን ከሚቀንሱ መንገዶች አንዱ ለበሰለ ፍራፍሬ በቤትም ሆነ በምግብ ቤት ተጨማሪ አገልግሎት ማግኘት ነው። ፍራፍሬን ከጥቂት ስኳርና ቅቤ ጋር በከፍተኛ ሙቀት አብስሎ ገጹን ወርቃማ ማድረግ፣ ማለትም ካራሜል ማድረግ፣ በብዙ ሀገራት የታወቀ የጣፋጭ ምግብ አሠራር ነው። በከተሞች እየተለመደ የመጣው ኤር ፍራየር ወይም የአየር መጥበሻ ይህን ሥራ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያከናውነዋል።

ይሁን እንጂ ጣፋጩን የሚሠራው መሣሪያው ብቻ አይደለም። የሥራው ትልቁ ክፍል የሚጠናቀቀው ሙዙ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት፣ በማሳና በማብሰያ ክፍል ነው። ይህን የተረዳ ሰው በገበያ የትኛውን ሙዝ መምረጥ እንዳለበት ያውቃል፤ የሚጨምረውን ስኳርም ይቀንሳል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የአየር መጥበሻ በስሙ መጥበሻ ይባል እንጂ በአሠራሩ አነስተኛ መጋገሪያ ምድጃ ነው። ከላይኛው ክፍሉ በኤሌክትሪክ የሚግል የማሞቂያ ሽቦ አለው። ከሽቦው በላይ ያለው ማራገቢያ የጋለውን አየር በፍጥነት ወደ ታች ይነዳዋል። ምግቡ የሚቀመጥበት ቅርጫት ቀዳዳዎች ስላሉት አየሩ ከላይ ብቻ ሳይሆን በጎንና ከሥርም ይዞራል። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ሲደረግበት እኩል እንደሚበስል ሁሉ፣ እዚህም ሙቀቱ ምግቡን ከየአቅጣጫው ያገኘዋል። ልዩነቱ እሳቱ በነፋስ መተካቱ ነው።

መሣሪያው በስፋት የታወቀው ፊሊፕስ የተሰኘው የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን በርሊን በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ዓውደ ርዕይ ለገበያ ካስተዋወቀው በኋላ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ድንችን በጥቂት ዘይት ለመጥበስ ነበር። ለፍራፍሬ የሚጠቅመው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ በፍጥነት የሚነፍሰው ትኩስ አየር የፍራፍሬውን ገጽ ቶሎ ያደርቃል። ካራሜል ለመፍጠር ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ተግባር ማድረቅ ነው።

በልጣጩ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ

አረንጓዴ ሙዝ ሲቀመስ ጣዕም የለውም። ለዚህ ምክንያቱ ስኳሩ ገና በስታርች መልክ ተከማችቶ መኖሩ ነው። ባልበሰለ ሙዝ ሥጋ ውስጥ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ስታርች ነው፤ ስኳሩ ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሙዙ ሲበስል በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን እየሰበሩ ወደ ስኳር ይለውጡታል። ሙሉ በሙሉ በበሰለ ጊዜ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ስታርቹ ወደ 1 እና 2 በመቶ ሲወርድ፣ ስኳሩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል።

ይህን ለውጥ የሚያስጀምረው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ነው። ፍራፍሬው ራሱ ያመነጨዋል፤ አንዱ የሚያወጣው ጋዝም ጎረቤቱን ያበስላል። ሙዝ ከዛፉ በአረንጓዴነቱ ተቆርጦ በኋላ መብሰል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም አቀፍ የሙዝ ንግድ የልጣጩ ቀለም በ7 ደረጃዎች ይከፈላል። 1ኛው ፍጹም አረንጓዴ፣ 6ኛው ሙሉ ቢጫ፣ 7ኛው ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣ ቢጫ ነው። ለካራሜል የሚመረጠው ከ6ኛው ማብቂያ እስከ 7ኛው መጀመሪያ ያለው ነው። ይህም ማለት ነጠብጣቡ የታየበት፣ ሥጋው ግን በጣት ሲነካ ጠንከር የሚል ሙዝ ማለት ነው።

ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ሙዝ ስታርቹ ስላላለቀ በሙቀት ይደርቃል እንጂ አይጣፍጥም። ልጣጩ ጠቅላላ የጠቆረው ደግሞ ጣፋጭ ቢሆንም ሲሞቅ ቅርጹን አጥቶ ይፈሳል። እንዲህ ያለው ለዳቦ ሊጥ ወይም ለጭማቂ ይሻላል። በነጠብጣብና በብልሽት መካከል ያለውን ልዩነት መለየትም ተገቢ ነው። ነጠብጣቡ በልጣጩ ላይ ብቻ ሆኖ ሥጋው ነጣ ያለ ከሆነ ሙዙ ጤነኛ ነው። ሻጋታ የያዘው፣ ውኃ የሚያንጠባጥበው ወይም እንደ ጠላ ጥንስስ የሚሸተው ግን ለምግብነት አይውልም።

ስኳር ካራሜል የሚሆነው መቼ ነው?

በፍራፍሬው ገጽ ላይ የሚታየው ወርቃማ ቀለምና መዓዛ ከሁለት ለውጦች ይመጣል። የመጀመሪያው ስኳር በሙቀት ተሰብሮ አዳዲስ ቀለምና ጣዕም ወዳላቸው ውሑዶች የሚለወጥበት፣ ካራሜል የሚባለው ሂደት ነው። ሁለተኛው ስኳርና የፕሮቲን ክፍልፋዮች በሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠረው ነው። የዳቦ ቅርፊትና የተቆላ ቡና ቀለማቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚህ ሁለተኛው ለውጥ ነው። ከቅቤ የሚገኘው ጥቂት ፕሮቲን ለዚህ ያግዛል።

የስኳር ዓይነቶች ሁሉ በአንድ ሙቀት ካራሜል አይሆኑም። በማርና በፍራፍሬ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ ከ110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል። በማንኪያ የሚጨመረው የተለመደው ስኳር ግን 160 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ማር የተቀባ ፍራፍሬ ፈጥኖ የሚያርረው ለዚህ ነው። በስኳር ፈንታ ማር መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ሳይሆን ሊወጣ 2 ደቂቃ ሲቀረው ቢቀባው መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ከበሰለ ሙዝ ክብደት ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው ውኃ ነው። ውኃ በፍራፍሬው ገጽ ላይ እስካለ ድረስ የገጹ ሙቀት ከውኃው መፍያ እምብዛም አያልፍም። በባሕር ጠለል ደረጃ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር ግን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በደጋማዎቹ ከተሞች ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የመሣሪያው ቁጥር 200 ዲግሪ ቢያሳይም፣ ገጹ እስኪደርቅ ድረስ ስኳሩ ወርቃማ አይሆንም። ከዚህ ሁለት ምክሮች ይገኛሉ። አንደኛው ቅርጫቱን አለማጨናነቅ ነው፤ ተደራርቦ የተቀመጠ ፍራፍሬ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሁለተኛው የተቆረጠውን ገጽ ወደ ላይ፣ ወደ ነፋሱ ማድረግ ነው።

ለ3 ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ነጠብጣብ ማውጣት የጀመሩ 3 መካከለኛ ሙዞች፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠና ቅመም ያልገባበት ቅቤ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፤ በሁለት ጣት የምትቆነጠር ጨው፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ቡናማ ስኳር ከተገኘ ይመረጣል፤ ነጩም ይሠራል። በጾም ወቅት ቅቤው በማንኛውም ጠረን በሌለው የምግብ ዘይት ይተካል። ቀረፋ የማይወድ ሰው ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ መጠቀም ይችላል፤ ኮረሪማ መዓዛው ስለሚበረታ መጠኑ ከቀረፋው ያነሰ መሆን አለበት።

ሎሚው ሁለት አገልግሎት አለው። የተላጠ ሙዝ በአየር ሲነካ እንዳይጠቁር ይከላከላል፤ እንዲሁም በሙቀት ወቅት የተጨመረውን ስኳር በከፊል ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚሰብረው፣ ካራሜሉ እንደ አሸዋ ሳይከረክር ልስልስ ይሆናል። ጨው ደግሞ ጣፋጩን ያጎላዋል፤ በዚህ ምክንያት ስኳር መጨመር ሳያስፈልግ ጣዕሙ ይሞላል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ሙዞቹን ከነልጣጫቸው በንጹሕ ውኃ ማጠብና በጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ልጣጩ በሥራው ላይ ስለሚቆይ ከማሳና ከመንገድ የያዘው አቧራ መወገድ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሙዙ ሳይላጥ በርዝመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ልጣጩ እንደ ታንኳ ሆኖ ለስላሳውን ሥጋ ይይዘዋል፤ የሚቀልጠውን ስኳርም ወደ ቅርጫቱ ሥር እንዳይፈስ ያቆመዋል። በዚህ ዘዴ የመጋገሪያ ወረቀት አያስፈልግም፤ ዕቃውም ብዙ አይቆሽሽም።

ሦስተኛ፣ የተቆረጠው ገጽ ላይ መጀመሪያ የሎሚው ጭማቂ በስሱ ይቀባል። ቀጥሎ ቅቤው፣ በመጨረሻም አንድ ላይ የተቀላቀሉት ስኳር፣ ቀረፋና ጨው እኩል ይነሰነሱበታል። ገጹ በጭማቂ ከራሰ ለመድረቅ ጊዜ ስለሚወስድ ሎሚው መብዛት የለበትም።

አራተኛ፣ መሣሪያው ባዶውን በ200 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ይሞቃል። ከዚያ ሙዞቹ የተቆረጠው ገጻቸው ወደ ላይ ሆኖ በአንድ ረድፍ፣ ጎን ለጎን ሳይነካኩ ይደረደራሉ። ቅርጫቱ ትንሽ ከሆነ በሁለት ዙር መሥራት ይሻላል።

አምስተኛ፣ በ200 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይቆያል። የመሣሪያዎች ኃይል ስለሚለያይ በ5ኛው ደቂቃ ቅርጫቱን ስቦ ማየት ተገቢ ነው። ስኳሩ ቀልጦ በትናንሹ ሲፈላና ጠርዙ የማር ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ከወርቃማነት ወደ ጥቁርነት የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው። የጠቆረ ስኳር መራራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም።

ስድስተኛ፣ ካወጡት በኋላ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የቀለጠ ስኳር ከሚፈላ ውኃ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ስለሚቀር ክፉኛ ያቃጥላል። ሕፃናት ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ሲበርድ ስኳሩ በስሱ ይጠነክራል፤ በማንኪያም ከልጣጩ እየተፈለቀቀ ይበላል። እርጎ ወይም የተፈጨ ለውዝ ቢጨመርበት ጣፋጭነቱ ይመጠናል። ምግቡ ውሎ ሲያድር ውኃ ስለሚያወጣ በዕለቱ መበላት ይኖርበታል።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሙዙ ለስልሶ ገጹ ግን ነጭ ሆኖ ከቀረ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው፤ ቅርጫቱ ተጨናንቋል፣ መሣሪያው አስቀድሞ አልሞቀም፣ ወይም ሎሚው በዝቷል። ገጹ አርሮ ውስጡ ካልሞቀ ደግሞ ሙቀቱ በ10 እና 20 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ጊዜው በ2 ደቂቃ ይጨመር።

የመጋገሪያ ወረቀት የሚጠቀም ሰው ወረቀቱን ባዶ መሣሪያ ውስጥ ፈጽሞ ማስገባት የለበትም። ማራገቢያው ቀላሉን ወረቀት አንሥቶ ከጋለው ሽቦ ጋር ሊያገናኘውና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ወረቀቱ የሚገባው ምግቡ ከላዩ ተቀምጦ ሲጫነው ብቻ ነው። የፕላስቲክ ዕቃም በመሣሪያው ውስጥ አይገባም።

በቅርጫቱ ላይ የደረቀ ካራሜል በኃይል መፋቅ አያስፈልገውም። ስኳር በውኃ ይሟሟል፤ ለ20 ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ የቆየ ቅርጫት በለስላሳ ስፖንጅ ይጸዳል። የብረት መፈግፈጊያ የማያጣብቀውን ሽፋን ስለሚልጠው መጠቀም አይገባም። የማሞቂያ ሽቦው ያለበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ ውኃ ውስጥ አይነከርም።

ሌሎች ፍራፍሬዎችስ?

ይኸው አሠራር ለሌሎችም ይሆናል፤ መሠረቱ የእያንዳንዱን የውኃና የስኳር መጠን ማወቅ ነው። አናናስ ውኃው ብዙ ስለሆነ ጣት በሚያህል ውፍረት ተቆርጦ ገጹ በንጹሕ ጨርቅ ከደረቀ በኋላ ከ10 እስከ 14 ደቂቃ ይቆያል። ማንጎ ጠንከር ባለበት የመብሰል ደረጃው፣ ጉንጮቹ ተቆርጠውና ሥጋቸው በቢላ ተሸንሽኖ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በደጋማ አካባቢዎች የሚመረተው ኮክ ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው ከወጣ በኋላ በጎድጓዳው ስኳርና ቅቤ ይቀመጥበታል፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃም ይበቃዋል። ጨንቻን በመሰሉ ደጋማ ቦታዎች የሚለማው ፖም ጠንካራ ስለሆነ በስሱ ተቆርጦ በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። ኮምጣጣ የሆነ ፖም ሲበስል ጣዕሙ ከስኳሩ ጋር ስለሚመጣጠን ከጣፋጩ ይመረጣል።

መሣሪያው የሌለው ሰውስ?

የአየር መጥበሻ ለዚህ ጣፋጭ የግድ አይደለም፤ ለዚሁ ብሎ መግዛትም አያስፈልግም። ወፍራም የብረት መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ላይ ሲግል ቅቤውና ስኳሩ ይጨመሩበታል። ስኳሩ ቀልጦ ቀለም ሲይዝ የተላጠውና በርዝመቱ የተሰነጠቀው ሙዝ በአንድ ጎኑ 2 ደቂቃ፣ በሌላው ጎኑ 1 ደቂቃ ይቆይበታል። በከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው በርና መስኮት መክፈት አለበት፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ አለውና። በመጥበሻ ሲሠራ ቅቤውና ስኳሩ ትንሽ ይበዛሉ፤ ዓይንም ከእሳቱ አይነሣም። የመሣሪያው ጥቅም ይህን ድካምና ስብ መቀነሱ ነው።

በኤሌክትሪክ ረገድ መሣሪያው እንደሚፈራው አይደለም። አብዛኞቹ የቤት ውስጥ የአየር መጥበሻዎች 1 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። በዚህ ኃይል ከማሞቂያው ጋር 10 ደቂቃ ቢሠራ ፍጆታው ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይሉ ከዚህ በእጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ በአንድ ጊዜ መሰካት ገመዱን አግሎ አደጋ ያስከትላል። የአየር መጥበሻ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ቢገናኝ፣ ጀርባውም ትኩስ አየር እንዲያስወጣ ከግድግዳው ራቅ ቢል መልካም ነው።

ስኳሩን በተመለከተ

“ያለ ዘይት ስለሚሠራ ጤናማ ነው” የሚለው አባባል እዚህ ግማሽ እውነት ነው። መሣሪያው ዘይትን ይቀንሳል፤ ስኳርን ግን አይቀንስም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ተጠቅሷል። ማርም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ከላይ በተገለጸው መጠን ለአንድ ሰው የሚደርሰው የተጨመረ ስኳር 8 ግራም ገደማ ነው። በሚገባ የበሰለ ሙዝ የሚጠቀም ሰው ይህንንም በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ሙዙ ራሱ ብዙ ስኳር እንዳለው ተገንዝበው ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

ከማሳ እስከ ገበያ

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ በአግባቡ የበሰለ ሙዝ ነው። በሀገሪቱ በሙዝ ምርቱ የሚታወቀው የአርባ ምንጭ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ የሚጫነው ምርት አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ወደ ሰሜን ከተሞች ለመድረስ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይርቃል። በሰሜኑ ክፍልም ውኃና ሙቀት ባላቸው አካባቢዎች በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ። ለሁለቱም ወገን ጉዳቱ የሚጀምረው ከቆረጣ ነው። በአረንጓዴነቱ ሲጋጭ የማይታይ ቁስል፣ ሲበስል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከነጠብጣብ የሚለየውም ይህ ነው፤ ነጠብጣብ በልጣጩ ይቆማል፤ ግጭት ግን ሥጋውን ያበላሸዋል።

በመሆኑም ዘለላው ሲቆረጥ መሬት ላይ መጣል የለበትም፤ ሁለት ሰው ተረዳድቶ፣ አንዱ እየቆረጠ ሌላው በትከሻው ቢቀበል ይመረጣል። በተሽከርካሪ ሲጫን በየረድፉ የሙዝ ቅጠል ቢነጠፍ፣ ከተቻለም በሳጥን ቢጓዝ ጉዳቱ ይቀንሳል። ሰው ዘለላው ላይ መቀመጥ ወይም ሌላ ጭነት መጫን የለበትም።

በማብሰል ረገድ በየቦታው የተለመደው በተዘጋ ክፍል ውስጥ የኬሮሲን ምድጃ አጭሶ ማብሰል ነው። ጭሱ የማብሰያ ጋዞች ስላሉት ልጣጩን ቢጫ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱን መቆጣጠር ስለማይቻል ሙዙ እኩል አይበስልም፤ ሽታም ይይዛል፤ የእሳት አደጋም አለው። ሙዝ በእኩልነት የሚበስለው ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱም ከፍ ያለ ሲሆን ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ልጣጩ አመድ ይመስላል፤ ያልበሰለ ሙዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ የማይገባው ለዚህ ነው። በጣም ሲሞቅ ደግሞ ሥጋው ይለሰልሳል፤ ልጣጩ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። በቤት ውስጥ ጥቂት ሙዝ ለማብሰል ከአንድ የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም ጋር በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል፤ የበሰለው የሚያወጣው ኤቲሊን ሌላውን ያበስለዋል።

ለነጋዴው የሚጠቅመው አሠራር ምርቱን በአንድ ክምር ከመሸጥ ይልቅ በደረጃ መለየት ነው። አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ለሩቅ ገበያና ለሚያቆይ ሸማች፣ ሙሉ ቢጫው ለዕለቱ፣ ነጠብጣብ ያወጣው ደግሞ ጣፋጭ ለሚሠሩ ካፌዎችና ለዳቦ ቤቶች ቢመደብ ሁሉም ገዢውን ያገኛል። የበሰለውን ከክምሩ ለይቶ ማውጣትም ሌላ ጥቅም አለው፤ በኤቲሊኑ የቀረውን እያፋጠነ አብሮት እንዳይጨርሰው ያደርጋል። ካፌ ያላቸው ሰዎችም ከአንድ ነጋዴ ጋር ተስማምተው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት የበሰለ ሙዝ ቢቀበሉ፣ ነጋዴው የሚጥለው ይቀንሳል፤ እነርሱም በአነስተኛ ዋጋ የተሻለ ጣዕም ያገኛሉ። አንድ ኪሎ ሙዝ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ልጣጭ በመሆኑ፣ ዋጋ ሲተምኑ ይህን ማስላት ያስፈልጋቸዋል። ከምግቡ የሚተርፈው ልጣጭ በጓሮ ከሌላ ተረፈ ምርት ጋር ከተብላላ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል።

አረንጓዴ ሙዝ ገዝቶ ወጥ ቤት ማሳደር፣ ሲነጠበጥም መጣል በየቤቱ የተለመደ ነው። ከዚህ በኋላ ነጠብጣቡ ሲታይ መጣያውን ሳይሆን ቢላዋውን ማንሣት ይቻላል። ሸማቹ ነጠብጣብ ያወጣውን ሙዝ ፈልጎ መግዛት ሲጀምር፣ ነጋዴው ለይቶ ያቀርበዋል፤ አርሶ አደሩም የመጨረሻዎቹን ቀናት ዋጋ ከኪሳራ ያተርፋል።